ቀረፋ ቀረፋ የሚሸተው ፈሳሽ፦ ኤቲል ሲናሜትን ለነርቭ ምስል ሥራ አንድ ዓመት ስጠቀምበት

ላለፉት ስድስት ዓመታት የምሠራው የተጎዳ ነርቭ መልሶ የሚያድግበትን መንገድ በሚያጠና፣ ጀርመን አገር በሚገኝ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሆን፣ ድርሻዬም ከአይጥ የተወሰደ የዕይታ ነርቭንና ኅብለ ሰረሰርን ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት ነው። ዛሬ የምገመግመው ዕቃ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ሰው ብዙ አይደለም። ኤቲል ሲናሜት የሚባል፣ ውሃ የመሰለ፣ አንዳንዴም ፈዘዝ ያለ ቢጫነት የሚታይበት ዘይት አዘል ፈሳሽ ነው። ሽቶ ቀማሚዎችና የምግብ ማጣፈጫ አምራቾች ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ እኛ ደግሞ ብርሃን የማያሳልፈውን ሕብረ ሕዋስ እንደ መስታወት ለማጥራት እንጠቀምበታለን። ጠርሙሶቹን የገዛነው በራሳችን በጀት ነው፤ ሻጩም አምራቹም ይህን እንድጽፍ አልጠየቁኝም፣ ስማቸውንም አላነሣም፤ ንጽሕናው እስከተጠበቀ ድረስ ፈሳሹ ከማንም ቢገዛ ያው ነውና።

ሕብረ ሕዋስ ለምን ብርሃን እንደማያሳልፍ ለማስረዳት የሳምቡሳ መጠቅለያን ከማንሣት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጠን ዘይቱ የነካው ቦታ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ግን አልሳሳም፣ ከላዩም የተነሣ ነገር የለም። ደረቅ ወረቀት ነጭ ሆኖ የሚታየን በቃጫዎቹ መካከል አየር ስላለና ብርሃኑ ከቃጫ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ቃጫ በተሻገረ ቁጥር እየተሰበረ ስለሚበተን ነው። ዘይቱ የአየሩን ቦታ ሲይዝ የዘይቱና የቃጫው የብርሃን ስብረት መጠን ይቀራረባል፣ መበተኑም ይቀንሳል። በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የውሃ የስብረት መጠን 1.33፣ የቅባት 1.46 ገደማ፣ ውሃው የወጣለት ፕሮቲን ደግሞ ከ1.5 በላይ በመሆኑ፣ ብርሃን በእነዚህ መካከል ሲመላለስ ጥቂት እንኳ ሳይዘልቅ መንገዱን ይስታል። ስለዚህ የማጥራት ሥራ ማለት ውሃውን ማውጣት፣ ቅባቱን የቻሉትን ያህል አሟሙቶ ማስወገድ፣ በባዶው ቦታ ደግሞ ከቀረው ፕሮቲን ጋር የሚመጣጠን ፈሳሽ መሙላት ነው። የኤቲል ሲናሜት የስብረት መጠን 1.558 ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ከተለመዱት ፈሳሾች ሁሉ ላይኛው ዕርከን ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ለሚል አንባቢ መልሱ ያለው በነርቭ ዳግም እድገት ጥናት ባሕርይ ውስጥ ነው። ነርቭ ከተጨፈለቀ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ከጉዳቱ ወዲያ የሚታይ አክሶን፣ ማለትም የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያስተላልፍበት ረጅም ክር፣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ መልሶ ያደገ፣ አለዚያም በመጀመሪያውም ሳይቆረጥ የተረፈ። የነርቭ ተመራማሪዎቹ ኦስዋልድ ስቲዋርድ፣ ቢንሃይ ዠንግና ማርክ ቴሲየር-ላቪን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ አደጋ በጽሑፍ አስጠንቅቀዋል፤ የተረፈውን እንዳደገ ቆጥሮ የምሥራች ማብሰር በዚህ ሙያ ውስጥ የሚያጋጥም ስሕተት መሆኑን አሳይተዋል። ነርቭን በስስ ቆራርጦ ማየት ግን ሁለቱን ለመለየት አይመችም። ከ14 እስከ 20 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ላይ የሚታየው የአክሶን ብጣሽ ነው፤ ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ፣ ቀጥ ብሎ ነው ወይስ እየተጠማዘዘ የሚለው ከጎረቤት ቁራጮች ጋር አብሮ ጠፍቷል። በዕይታ ነርቭ ላይ የተለመደው ዘዴ ደግሞ በጥቂት ቁራጮች ላይ የተቆጠሩትን አክሶኖች በነርቩ ራዲየስና በቁራጩ ውፍረት አስልቶ የጠቅላላውን ቁጥር መገመት ነው፤ ስሌቱ ነርቩ እንደ ዱላ ድቡልቡል፣ አክሶኖቹም በእኩል የተበተኑ ናቸው ብሎ ያስባል። ጉዳት የደረሰበት ነርቭ መሐሉ ላይ እንደሚሰረጉድ፣ የሚያድጉትም አክሶኖች በአንድ ጠርዝ ተጠጋግተው እንደሚሄዱ በዓይኑ ያየ ሰው ይህን ስሌት በሙሉ ልቡ ሊያምነው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሙሉውን የአይጥ የዕይታ ነርቭ አጥርተው ሲያዩ፣ እንዲያድጉ የተደረጉት አክሶኖች ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ወደ አንጎል ከመሄድ ይልቅ ሲጠማዘዙ፣ አንዳንዶቹም ዞረው ወደመጡበት ሲመለሱ አግኝተዋቸዋል። በቁራጭ ላይ ይህን ወደኋላ የዞረ አክሶን ያየ ሰው ሁለት አክሶን ብሎ ይቆጥረው ነበር።

ኤቲል ሲናሜት ወደዚህ ሥራ የገባው ዘግይቶ ነው። ሕብረ ሕዋስን ሽታ ባለው ዘይት የማጥራት ልማድ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የላይፕዚጉ የሥነ አካል ሊቅ ቬርነር ሽፓልተሆልትስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሰው አካል ክፍሎችን ሳይቀር ያጠሩት፣ ለጡንቻ ሕመም በሚታሹ ቅባቶች ሽታው በሚታወቀው የዊንተርግሪን ዘይት ነበር። ዘዴው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሙዚየም ጌጥ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሃንስ-ኡልሪሽ ዶት ከባልደረቦቻቸው ጋር የጠራ የአይጥ አንጎልን ከጎን በሚገባ ስስ የብርሃን ንጣፍ ሲያነሡ እንደገና ነፍስ ዘራ። የእኛን ሙያ በቀጥታ የነካው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የአሊ ኤርቱርክ፣ የፍራንክ ብራድከና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው፤ የአዋቂ አይጥ ኅብለ ሰረሰርን አንድም ጊዜ ሳይቆርጡ አጥርተው፣ ከጉዳት በኋላ የአክሶኖቹን እድገትና በዙሪያቸው ያሉትን የግሊያ ሕዋሳት (የነርቭ ሕዋሳት ደጋፊዎች) ሁኔታ በሙሉ መጠን አሳይተዋል። የተጠቀሙት የማጥሪያ ፈሳሽ ዲቤንዚል ኤተር ይባላል። እኛም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የምንጠቀመው እርሱን ነበር።

ዲቤንዚል ኤተርን ማማት አልፈልግም፤ የስብረት መጠኑ 1.562 ነው፣ የሚያጠራውም እጅግ ጥሩ አድርጎ ነው። ችግሩ ጠባዩ ላይ ነው። አየር እየነካው ሲቆይ ፐሮክሳይድ የሚባል ኦክስጅን አዘል ውህድ ይፈጥራል፣ ፐሮክሳይዱም ሕዋሱን ለይተን ለማየት የምንጠቀምበትን፣ በውስጡ የሚያበራውን አረንጓዴ ፕሮቲን በቀናት ውስጥ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት) በተሞላ ቱቦ እያሳለፉ ማጽዳት፣ ናሙናውንም እንደደረሰ ወዲያውኑ ማንሣት ግድ ይሆናል። ማይክሮስኮፑ ለሳምንት በሌሎች ተይዞ ከሆነ ያን ሁሉ የደከሙበት ናሙና ብልቃጥ ውስጥ ሲጨልም ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ለውሃ ውስጥ ሕይወትም ጎጂ በመሆኑ አወጋገዱ ጥብቅ ነው፤ በዚያ ላይ የሌንሱ ዙሪያ ላይ አንድ ጠብታ ቢቀር ማጣበቂያውን ሊበላው ስለሚችል የማይክሮስኮፑ ኃላፊ በመጣ ቁጥር በጎሪጥ ያየን ነበር።

የሚያስገርመው፣ መፍትሔው የመጣው ከነርቭ ሰዎች አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ኤሰን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊት ውስጥ ያሉትን የማጣሪያ ጉብታዎች አንድ በአንድ ለመቁጠር ፈልገው፣ በኤታኖል ውሃውን ካወጡ በኋላ ኤቲል ሲናሜት ውስጥ ነከሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አክሶሎትል በሚባለው፣ እግሩም ኅብለ ሰረሰሩም ቢቆረጥ መልሶ በሚያበቅለው እንስሳ ላይ የሚሠራው የቪየናው የኤሊ ታናካ ቡድን፣ ኤታኖሉን በፕሮፓኖል ተክቶ፣ የፈሳሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወደ 9 ከፍ አድርጎ፣ የሚያበራው ፕሮቲን ብርሃኑን ሳያጣ እንዲጠራ የሚያደርግ ቀለል ያለ አሠራር አሳተመ። እኛ የተከተልነው ይህንን ነው፤ በፀረ እንግዳ አካል ለምናቀልማቸው ናሙናዎች ግን የቀለም ደረጃውን ከሌላ ዘዴ ወስደን መጨረሻው ላይ ብቻ ኤቲል ሲናሜትን አስገባን።

የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ ላውራው። አይጡ ዓይን ውስጥ ከቀናት በፊት የገባው ቀለም፣ ከኮሌራ መርዝ ጉዳት የማያደርሰው ክፍል ጋር የተያያዘ ቀይ አብሪ ቀለም፣ ከሬቲና (ከዓይን የኋላ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ተነሥቶ በአክሶኖቹ ውስጥ ተጉዟል። ነርቩ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ የቀጭን ስፓጌቲ ሲሶ እንኳ የማይሞላ ነጭ ክር ነው፤ በዚያች ክር ውስጥ ጤነኛ በነበረችበት ጊዜ ከ40,000 በላይ አክሶኖች ያልፉ ነበር። ነርቩ እንዳይበሰብስ በኬሚካል ከተጠበቀና በውሃ ከታጠበ በኋላ፣ አልኮሉ ቀስ በቀስ እየጠነከረ በሚሄድ ተከታታይ ብልቃጥ ውስጥ አለፈ፤ ንጹሕ አልኮል ሲደርስም ድርቅ ብሎ ኖራ የተቀባ መሰለ። ከዚያ ወደ ኤቲል ሲናሜት ጣልኩት። በመጀመሪያ ላይ ተንሳፈፈ፤ ከውስጡ የሚወጣው አልኮል ከፈሳሹ ጋር ሲገናኝ፣ ስኳር በሙቅ ሻይ ውስጥ ሲሟሟ እንደሚታየው ያለ የሚወዛወዝ ጅማት እየሠራ ይወርድና ይወጣ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰጠመ። ጠርዞቹ መጀመሪያ ጠሩ፤ መሐሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ቀረ፤ መስመሩም እያጠረ ሄዶ ጠፋ።

ጠፋ ስል ከዓይኔም ጭምር ማለቴ ነው። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ብልቃጡ ባዶ መስሎኝ ባልደረባዬን አንሥተሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ብልቃጡን ወደ ጠረጴዛ መብራቱ አስጠግተን፣ ከኋላው ጥቁር ወረቀት አድርገን፣ ጎንበስ ብለን ስናዘነብለው ነው እንደ ብርጭቆ ቅርጽ ያለ ጥላ ከታች ሲንሸራተት ያየነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነርቩን ሳወጣ ከዓይኑ ኳስ ጥቂት ጥቁር ቆዳ አብሬ አስቀራለሁ፤ ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም በዚህ ዘዴ ስለማይጠራ፣ ናሙናው የት እንዳለ ከመጠቆሙም በላይ የትኛው ጫፍ የዓይን፣ የትኛው የአንጎል እንደሆነ ያሳያል። ጀማሪ ሰው ይህችን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ቢወስድ አንድ ሳምንት ያተርፋል።

ምስሉን በተመለከተ ከዲቤንዚል ኤተር ጋር ሳስተያየው በዕይታ ነርቭ ላይ ልዩነት አላገኘሁም፤ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ድረስ እያንዳንዱ አክሶን ተለይቶ ይታያል። ኅብለ ሰረሰር ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ኅብለ ሰረሰር በማይሊን፣ ማለትም አክሶኖቹን በሚሸፍነው የቅባት ልባስ የተጨናነቀ ነው፤ አልኮል ብቻውን ይህን ሁሉ ቅባት አያወጣውም፣ በመሆኑም የአዋቂ አይጥ ኅብለ ሰረሰር መሐሉ ላይ እንደ ማለዳ ጭጋግ ያለ ደብዛዛ ነገር ይቀርበታል። ጭጋጉን ለማስወገድ ዳይክሎሮሜቴን በሚባለው አሟሚ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ የዘዴው አድናቂዎች ዝም የሚሉት። ኤቲል ሲናሜት ራሱ ምግብ ውስጥ ሳይቀር የሚገባ ጉዳት የለሽ ፈሳሽ ቢሆንም፣ ከእርሱ በፊት የሚመጣው ዳይክሎሮሜቴን በ40 ዲግሪ የሚተን፣ በካንሰር አምጪነት የሚጠረጠር፣ ተራውን ሰማያዊ የናይትራይል ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ሰንጥቆ እጅ የሚደርስ አሟሚ ነው። ስለዚህ «መርዝ የሌለበት ዘዴ» የሚለውን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው፣ ቃሉ የሚሠራው ለመጨረሻው ብልቃጥ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። አየር መሳቢያ ያለው የኬሚካል ሳጥን ከሌላችሁ ኅብለ ሰረሰሩን ተዉና በዕይታ ነርቭ፣ በሽል ወይም በዓሣ ዕጭ ብቻ ሥሩ፤ እነዚህ ያለ ዳይክሎሮሜቴንም ደኅና ይጠራሉ።

ስለ ሚያበራው ፕሮቲን ደግሞ የተሰጠው ተስፋ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁኔታ አለው። ፒኤቹ ወደ 9 ካልወጣ ይደበዝዛል። ናሙናውን ለማንጻት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከተጠቀማችሁም ፕሮቲኑ ይሞታል፤ ስለዚህ አንዱን መምረጥ ነው። በሰው ሠራሽ ቀለሞች ላይ፣ በተለይም በቀይና ከቀይ ባለፈው የብርሃን ክልል በሚያበሩት ላይ፣ ምንም ጉዳት አላየሁም፤ ሕብረ ሕዋሱ ራሱ የሚያወጣው ብርሃንም በዚያ ክልል አነስተኛ ስለሆነ ምርጫ ካላችሁ አረንጓዴውን ተዉት እላለሁ። ደም ሳይታጠብ የቀረበት ናሙና ግን የትኛውም ፈሳሽ አያድነውም፤ ቡናማው ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ጥፋቱም የፈሳሹ ሳይሆን በመጀመሪያው ሰዓት ሲጣደፍ የነበረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። በጥር ወር የመጣልን ጠርሙስ ሲከፈት ውስጡ የረጋ ቅቤ መስሎ ነበር። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስል የመቅለጫ ነጥቡን አየሁ፤ ኤቲል ሲናሜት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከል ይረጋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ እንደ ንጥር ቅቤ ቀልጦ ወደነበረበት ተመለሰ፣ ጥራቱም አልተለወጠም። ከሁሉ የከፋው ግን ከልማድ የተነሣ የጠራ ናሙናን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ፈሳሹ በናሙናው ውስጥ ሲረጋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የእኛን ሁለት ኅብለ ሰረሰሮች ይጠይቅ። የሚቀመጠው በክፍል ሙቀት፣ ከብርሃን ተከልሎ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ሌሊት ማሞቂያ በሌለው መጋዘን የሚያስቀምጥ ሰው ጠዋት ረግቶ ቢያገኘው አይደንግጥ።

ሁለተኛው ጉድለት ፕላስቲክ ነው። ፖሊስታይሪን የሚባለውን፣ ከተለመዱት የቤተ ሙከራ ሳህኖች አብዛኞቹ የተሠሩበትን ፕላስቲክ ፈሳሹ ይበላዋል። ይህን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብዬ ታቹ መስታወት፣ ዙሪያው ፕላስቲክ የሆነ ሳህን ውስጥ አፈሰስኩት፤ አምስቱ ደቂቃ ስልክ ሲመጣ አርባ ሆነ። ስመለስ የሳህኑ ግድግዳ ደፍርሶና ተለጥፎ፣ ፈሳሹም በማይክሮስኮፑ መድረክ ላይ ወርዶ ጠበቀኝ። የቀረውን ከሰዓት ያሳለፍኩት በጥጥና በአልኮል ስጠርግ ነው። አሁን የምጠቀመው የማይዝግ ብረት ቀለበት ያለው፣ ከታች የመስታወት ሽፋን የሚገጠምበት መያዣ ነው፤ ብልቃጦቹም ከመስታወት ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው።

ሦስተኛው ጉዳይ ጉድለት ሳይሆን ወጥመድ ነው፤ ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም ከጎን በሚገባ ስስ የብርሃን ንጣፍ የሚያነሣው፣ ለሌላቸው ሁሉ ግን ከባዱ ይኸው ነው። ናሙናውን በሌዘር ነጥብ በነጥብ፣ ጥልቀት በጥልቀት የሚያነሣው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ በአየር ሌንስ፣ ከታች ወደ ላይ በሚያይ መድረክ ላይ ኤቲል ሲናሜት ውስጥ ያለ ናሙናን በደንብ ያነሣል፤ ሌንሱ ፈሳሹን ስለማይነካም አደጋ የለውም። ነገር ግን ብርሃኑ ከአየር ወደ 1.558 ሲገባ ስለሚሰበር፣ ሌንሱ 10 ማይክሮሜትር ሲጠጋ ትኩረቱ በናሙናው ውስጥ ወደ 15 ወይም 16 ማይክሮሜትር ገደማ ይገባል። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም። ጥልቀቱን በዚሁ መጠን ያላባዛ ሰው ድቡልቡሉን ነርቭ ጠፍጣፋ አድርጎ ይስለዋል፣ የአክሶኖቹንም ርዝመት አሳጥሮ ይለካል። እኔ ራሴ ሁለት ወር ሙሉ የጠፈጠፈ ነርቭ እየለካሁ «ጉዳቱ ያመጣው ቅርጽ ነው» እያልኩ ለአለቃዬ ሳስረዳ ነበር።

መኮማተሩም አለ። በአልኮልና በአሟሚ የሚሠሩ ዘዴዎች ሁሉ ናሙናውን ያሳንሱታል፤ በውሃ ላይ የተመሠረቱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳብጡታል። «አክሶኑ ከጉዳቱ ቦታ ይህን ያህል ማይክሮሜትር አድጓል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱ ነርቭ ከማጥራቱ በፊትና በኋላ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ፎቶ መነሣት አለበት፤ ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው።

በውሃ ላይ የተመሠረቱትን ካነሣሁ ዘንድ፣ ሁለት ታዋቂዎችን በአጭሩ ላስተያይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከስታንፎርድ ከካርል ዳይሰሮት ቤተ ሙከራ የወጣው ክላሪቲ ሕብረ ሕዋሱን ከአክሪላማይድ ጄል ጋር አያይዞ ቅባቱን በሳሙና መሰል ነገር ያጥባል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃፓን ከሂሮኪ ዩኤዳ ቡድን የወጣው ኩቢክ ደግሞ በዩሪያና በአሚኖ አልኮል ውስጥ ይነክረዋል። ሁለቱም ለሚያበራው ፕሮቲን የዋሆች ናቸው፣ ሽታም ሆነ የሚተን አሟሚ የላቸውም። ነገር ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ የአዋቂ ኅብለ ሰረሰር ነጭ ክፍልም ይፈትናቸዋል፣ ጄል የሆነውን ነርቭ በመቆንጠጫ ሲያነሡት እንደ ሙዝ ልጣጭ ያሟልጫል። ጠንከር ያለና በእጅ የሚያዝ ናሙና ለሚፈልግ ሰው ኤቲል ሲናሜት ይሻለዋል፤ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የቅባት ሽፋኑን ማቆየት ለሚፈልግ ግን ሦስቱም አይሆኑትም።

ከኤቲል ሲናሜት በፊት አንድ የተዘጋጀ ኪትም ሞክረን ነበር፤ የአምራቹን ስም አልጠራም። ሦስት ጠርሙስ፣ በላያቸው ቁጥር ብቻ፤ ውስጣቸው ያለው «የንግድ ምስጢር» ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ሠራ። ሁለተኛው ሳጥን ሦስተኛው ጠርሙስ ቢጫ ሆኖ መጣና ናሙናዎቹ ደመናማ ሆነው ቀሩ፤ በኢሜይል ለጠየቅነው ጥያቄ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ መመሪያውን በትክክል ተከትላችኋል ወይ የሚል ነበር። በውስጡ ያለውን የማያውቁት ፈሳሽ ሲበላሽ ምክንያቱን መፈለግ አይቻልም፤ ለሳይንስ ሥራ ደግሞ ይህ ከዋጋው ውድነት ይልቅ ያበሳጫል። ለዚያ ኪት በወጣው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃንን ኤቲል ሲናሜት ገዝተናል፤ በላዩ ላይም ስሙና የንጽሕናው መጠን ተጽፎበታል፣ 98 ወይም 99 በመቶ የሚለው በቂ ነው።

አገር ቤት ላሉ፣ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የሚደርሱበት ነገር ግን ላይት ሺት ለሌላቸው ባልደረቦች ይህን ዘዴ በተለይ አመሰግነዋለሁ፤ የኤሌክትሪክ መታጠቢያ ሳጥን አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ናሙና ምንም አይሆንም፣ ፈሳሹም ደጋግሞ ማገልገል ይችላል። ሽታው የሚያስጠላ አይደለም፤ እንዲያውም ክፍላችን አሁን የቀረፋ ሻይ የፈላበት ቤት ይመስላል፣ እንግዳ ሲገባም ሻይ የት አለ ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሙሉ ሲሸቱት ግን ራስ ማክበዱ ስለማይቀር መስኮት መክፈት ነው።

ከአምስት ነጥቦች አራቱን እሰጠዋለሁ። ያስቀረሁት አንዱ ነጥብ ለኅብለ ሰረሰሩ ጭጋግ ነው፤ ፕላስቲኩንና መርጋቱን ከጥፋቱ አልቆጥርበትም። ባለፈው መጋቢት ያጠራሁት የመጀመሪያው ነርቭ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ፣ በፎይል በተጠቀለለች ብልቃጥ አለ፤ ባለፈው ሳምንት አውጥቼ ሳነሣው፣ ከጉዳቱ ቦታ አልፎ ሄዶ የዞረው ያ አንድ አክሶን፣ በመጀመሪያው ቀን ምስል ላይ ቀስት ያደረግሁበት፣ በዚያው መታጠፊያ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሊትር አዝዣለሁ፤ የቀረውን ዲቤንዚል ኤተር ደግሞ ለአዋቂ ኅብለ ሰረሰር ብቻ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርጄዋለሁ።